ሰይድ ካርቡራተሩን የፈታ ዕለት

«እማዬ፣ ጋሽ ሰይድ ሞተ» አለችኝ ልጄ፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«የቱ ሰይድ?» አልኳት። የማውቀው ሰይድ አንድ ነው። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ይጠይቃል።

«የዘሃራ ባል ነዋ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሴት ልጁ ቤት። ትናንት አመሻሽ ላይ ልቡ ቀጥ አለ።»

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ተቀበረ እኮ እማዬ። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ።»

ክው ብዬ ቀረሁ። እስላም ሬሳ እንደማያቆይ አጥቼው አይደለም፤ ያደግሁት ከእስላም ጎረቤት ጋር አጥር ተጋርቼ ነው። ግን ከትናንት ወዲያ በስልክ ሲጮህብኝ የነበረ ሰው ነው። የእኛ ሰው እዚህ አገር ሲሞት ወረቀቱ እስኪያልቅ፣ ዘመዱ ከያለበት እስኪሰበሰብ ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ሳምንት ልብ ቀስ እያለች ትለምደዋለች። ለሰይድ ግን ይህ ጊዜ አልተሰጠኝም። የለቅሶ ልብሴን ሳላወጣ እሱ አፈር ገብቶ ነበር።

ነፍሴ መለስ ስትል መጀመሪያ ያሰብኩት ሚስቱን አልነበረም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልጆቹንም አልነበረም። ትርሲትን ነው። ትርሲት «ይቅር ብዬሃለሁ» ሳትለው ሞተ። ሰይድ ከሁሉ አብልጦ የፈራው ደግሞ ይህንኑ ነበር።

ሰይድ የደሴ ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ፣ እንደ ባቡር ፉርጎ ተያይዘው ከተሠሩት ቤቶች የእሱና የልጄ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ሥራው ከተማ መሀል የመኪና ማቆሚያ ኃላፊነት ነው። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ በሞተር ጩኸት ላይ እየጮኸ ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅም። ስልክ ሲያወራ የዘመዶቹን ጉዳይ ሁሉ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። አንድ ቀን በር ላይ ሳገኘው «የአክስትህ ልጅ ተሻላት ወይ?» አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ማን ነገረዎት እማማ?»

«አንተ ነሃ።»

ደግሞ እርግጠኛ ሰው ነበር። ለጉንፋን የቱ ሽሮፕ እንደሚሻል፣ የትኛው ሐኪም እጁ እንደሚቀል፣ ነገ በረዶ ይጥል አይጥል እንደሆነ፣ የማያውቀው የለም። መዳፉን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ «እኔ ሰይድ ካልኩ አለቀ» ይላል። አንድ ጊዜ በርክ የሚባል ቦታ ሠርግ ሊወስደን በመኪናው አሳፈረን። ልጄ በስልኳ መንገዱን ላሳይህ ብትለው «ክተቺው፤ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ» አላት። በርክ ከእኛ በስተደቡብ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ሰይድ በተቃራኒው አቅጣጫ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ኮሌጅ ፓርክ አደረሰን። ቦርሳ ያነገቱ ተማሪዎች በመስኮቱ ሲያልፉ እያየሁ፣ በሐበሻ ቀሚሴ ተሽሞንሙኜ፣ «ሰይዶ፣ ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» አልኩት።

«መንገዱን ቀይረውታል» አለ። ለዓመታትም ከዚህ ቃሉ ፈቀቅ አላለም።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ልጄ ሥራ ላይ ሳለች የልጅ ልጄን ትኩሳት ሲያነደው፣ የጫማውን ክር ሳያስር መድኃኒት ፍለጋ የሮጠው እሱ ነው። ያስቸገረን እርግጠኝነቱ ነው።

የበረዶ መጥረጊያ ማሽኑን የተወልን በመጨረሻው በር ይኖር የነበረ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ጉልበቱን ሲያመው ወደ ሞቃት አገር ሄደ፤ ሲሄድ በረዶ ጠራጊውን «ይህ ለሁላችሁ ነው» ብሎ ለሰይድ አስረከበ። በረዶውን ከፊት እየዛቀ በረጅም አንገቱ ወደ ጎን የሚተፋ፣ ቀይ ቀለሙ የተላላጠ የድሮ ሞተር ነው። ገመዱ ተስቦ ነው የሚነሳው። እንደ ዕድር ድንኳን የሁላችን ሆነ፤ ማደሪያው የሰይድ ጋራዥ። ሰይድም ወዲያው ሕግ አወጣ፤ ማሽኑን የወሰደ ሰው ቤንዚኑን ሞልቶ ይመልስ።

«ባዶ ዕቃ ለጎረቤት አይመለስም» አለ።

ማን ይከራከረዋል? እናቶቻችን የጎረቤት ሰሐን በባዶው መልሰው አያውቁም፤ ሌላ ቢጠፋ አንድ ጭብጥ ቆሎ ጣል ይደረግበታል። እኔም ጎሽ አልኩት።

ትርሲት ከእኛ ሁለት በር አልፋ ነው ያለችው። ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሰፈሩ «አባረረችው» ይላታል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ለምላስ ትመቻለች። የዚያን ዓመት የመጨረሻው በረዶ ሲጥል ማሽኑን የወሰደችው እሷ ነበረች። ስትመልሰው በመስኮት አይቻታለሁ፤ በጨርቅ ወልውላ፣ ቤንዚኑን እስከ አፉ ሞልታ፣ ሕፃን የተኛበት ጋሪ ይመስል ቀስ አድርጋ እየገፋች አስገባችው። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ የሙቀቱን ወራት በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ከረመ።

በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ሰይድ ገመዱን ሳበ፤ አልነሳም። እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈትቶ በአዲስ ቀየረው። ሳበ፤ ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ቾክ የሚሉትን የአየር መዝጊያ ሲዘጋው እንደ አስም በሽተኛ እያለከለከ ይነሳል፤ ሲከፍትለት ቀጥ ይላል። በዚያ ብርድ የሰይድ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። እኛ አካፋችንን ተደግፈን እናየዋለን። በመጨረሻ የቤንዚኑን ታንከር ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨፈገገ።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ። «መጨረሻ ላይ የወሰደው ማነው?»

«ትርሲት ናት» አለ ተስፋዬ። ተስፋዬ ከትርሲት ጎን የሚኖር የታክሲ ሾፌር ነው።

«በቃ፣ ክዳኑን ሳትገጥም ዝናብ አስገብታበታለች። እኔ ሰይድ ካልኩ አለቀ።»

ትርሲት የለችም፤ ሥራ ላይ ናት። ተስፋዬ ቀጠለበት። «ድሮስ፣ ባል መያዝ ያቃታት ማሽን ልትይዝ ነው? ከእንግዲህ እንዳትነካው።»

ሰው ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«ተስፌ» አልኩት፣ «የአንተዋስ የሄደችው ቤንዚን አልቆባት ነው?»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ወደ ሰይድ ዞርኩ።

«ውሃውን አየኸው?»

«አሸተትኩት እማማ።»

«እኔም ወጥ አሸታለሁ። ጨው አንሶታል ለማለት ግን እቀምሰዋለሁ።»

«ይሄ የሞተር ነገር ነው፤ ለእርስዎ አይገባዎትም።»

«አይገባኝም። አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ከትምህርት ቤት ያስቀሩኝ። ሰው በሌለበት መፍረድ ነውር መሆኑን ለማወቅ ግን ትምህርት ቤት አያስፈልገኝም። ፍታው። እሷ ቆማ፣ ሁላችንም እያየን ፍታው። ውሃ ከተገኘ እኔ ራሴ እቆጣታለሁ።»

ሰይድ ሳቀ። «እሺ፣ ቅዳሜ ችሎት እናስችላለን» አለ።

ወሬው ግን ቅዳሜን አልጠበቀም። እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ ደረሰ፤ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። አርብ ዕለት ትርሲት እኔ ዘንድ መጣች።

«እማማ፣ እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ‹የሰው ማሽን አበላሸሽ የሚሉት እውነት ነው ወይ› አለችኝ። በባሌ የተወራውን ቻልኩት። ይሄን እንዴት አድርጌ ልቻለው?»

ደጃችን ያለው በረዶ ሳይቀልጥ ወሬው ባሕር ተሻግሯል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋራዡ ተከፈተ። ትርሲት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እጇን አጣምራ በሩ ጋ ቆመች። ሰይድ መሬቱ ላይ ካርቶን አንጥፏል፤ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ደርድሯል፤ ስልኩን ወንበር ላይ አቁሟል። ሳምንቱን ሙሉ በስልኩ ቪዲዮ ካርቡራተር የሚፈታ ፈረንጅ ሲያይ መክረሙን ነገረን።

«ካርቡራተር ማለት ቤንዚንና አየር የሚያቦካ ነው» አለ፣ እንደ መምህር። «ውሃ ከገባበት ሊጡ አይሆንም። ውሃ ደግሞ ከቤንዚን ይከብዳል። ካለ እታች ይተኛል፤ መስመሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።»

የታንከሩን ቤንዚን በቱቦ ወደ ብርጭቆ ማሰሮ ቀዳና ብርሃን ላይ አስቀመጠው። ጠበቅን። መስመር የለም። ማሰሮውን ነቅነቅ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። መስመር የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ሻይ የመሰለ ነገር ነው፤ ሽታውም የቤንዚን ሳይሆን የቆየ ቀለም።

«ውሃ የለውም» አለ ቀስ ብሎ። ሰይድ ቀስ ብሎ ሲናገር ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከካርቡራተሩ ሥር ሲኒ የምታክል ዕቃ በአንድ ብሎን ተይዛለች። ፈታት። ውስጧ ሙጫ ረግቶበታል፤ ቢጫም አረንጓዴም የሆነ፣ ጣት ላይ የሚለጠፍ። ጂግለር የሚሏትን፣ ቤንዚኑ እየተመጠነ የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቁራጭ አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አነሳት። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ አታክልም። ምንም ብርሃን አላሳለፈችም። ስልኩን ከፈተና ፈረንጁ ሲናገር ሰማነው፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። ቤንዚን ሲከርም ይበላሻል ይላል። በረዶው ሲያበቃ ታንከሩን አድርቁት፣ ሞልታችሁ አታስቀምጡት፤ ሞልቶ የከረመ እንዲህ ይዘጋል።

ሰይድ ጂግለሯን መዳፉ ላይ እንደያዘ ቀና አለ።

«ሞልታችሁ መልሱ ያለው ማነው?»

ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረ።

«ማነው?»

«ተወው በቃ» አለ ተስፋዬ። «ይጸዳል፣ ይነሳል። ማን ምን አለህ?»

የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲከስ በአደባባይ፣ ሲሳሳት በሆዱ። እኔም ሰይድ «ቤንዚኑን ቀይረውታል» ይላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። «እሷ ያልኳትን ነው ያደረገችው። ማሽኑን የገደልኩት እኔ ነኝ። ትርሲት፣ ተሳስቻለሁ። በድዬሻለሁ። አውፍ በይኝ።»

አፌን ያዝኩ። ፀጉሩ የሸበተ ወንድ፣ ሚስቱና ጎረቤቱ በተሰበሰቡበት፣ ማንም ሳያስገድደው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንዲት ቀን አልወጣውም።

ትርሲት አየችው። «ሰምቻለሁ» አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ወጥታ ሄደች።

ሰይድ ጂግለሯን ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በመዘዘው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ወጋ ወጋ አድርጎ አጸዳት። ገጥሞ ሲስበው ቾኩ ካልተዘጋ አሁንም አልሠራ አለ። እንደገና ፈታው። ሲኒ የምታክለውን ዕቃ በያዘው ብሎን ጎን ላይ ሌላ ቀዳዳ አገኘ፤ እሷም ተደፍናለች። እሷን ከፍቶ፣ አዲስ ቤንዚን ጨምሮ ሲስበው ሞተሩ ጋራዡን አናወጠው። ሁላችንም አጨበጨብን። ሰይድ አላጨበጨበም፤ የትርሲትን በር ነበር የሚያየው።

የበለጠ ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሰይድ፣ እስላሙ ሰውዬ፣ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሟል። የሚያውቀውን ሰው ሁሉ እያስቆመ «ስለ ትርሲት የተናገርኩት ስህተት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። ሱቁ ሄዶም ተናገረ። የእህቷን ስልክ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አዲስ አበባ ደውሎ ሲጮህ በግድግዳው ሰማሁት። «እህቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሷ ንጹሕ ናት።»

ሚስቱ ዘሃራ አፍራ እኔ ቤት መጣች። «ኧረ እማማ ይገሥጹልኝ። የሰው መሳቂያ አደረገን። አንዴ ተናገረ፣ አይበቃም?»

«ክሱ የደረሰበት ድረስ ይቅርታውም ይድረስ» አልኳት። ተከፍታ ወጣች።

የትርሲትን በርም አንኳኳ። አልከፈተችለትም። «ጋሽ ሰይድ፣ ሰምቻለሁ፤ ይሂዱ፣ ብርድ ነው» አለችው ከውስጥ። ከዚያ በፊት አንተ ነበር የምትለው። አንቱታዋ ከስድብ በላይ ከበደው።

በረዶው እንደገና ሲመጣ ሰይድ ማሽኑን ወስዶ በሯ ላይ አቆመላት። ጠዋት በሞተር ድምፅ መስኮት ሄድኩ። ትርሲት የራሷን ደጅ ጠርጋ፣ የተስፋዬን ጠርጋ፣ የእኛን ጠርጋ፣ የሰይድ ደጅ ስትደርስ እንደ ቢላ ቀጥ ባለ መስመር አቆመች። ማሽኑን አዙራ ተመለሰች። ሰይድ ወጥቶ መስመሩን አየ። ተስፋዬ አካፋ ይዞ ሊያግዘው መጣ።

«አትንካ» አለው ሰይድ። «ይሄ የኔ ነው። ልክ ናት።»

የበረዶው ወራት እስኪያልፍ እንዲያ ሆነ። እሷ መስመሩ ላይ ታቆማለች፣ እሱ በአካፋ ይዝቃል። አንድ ቀን ሲዝቅ አገኘሁት፤ ቀና ብሎ ምንም ሳልጠይቀው «እማማ፣ የበርክን መንገድ ማንም አልቀየረውም» አለኝ። ደንግጬ ሳቄም አልመጣ አለ። በረዶው ሲያበቃ ሕጉን ሻረው፤ መጨረሻ ላይ የወሰደ ሰው ሞተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ አስነስቶ ባዶውን ይመልስ አለ። ባዶ መመለሱ እኔን እስከ ዛሬ ቢያሳፍረኝም ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ታሞ አያውቅም።

ጡረታ ሲወጣ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ማሽኑን ለትርሲት አስረክቦ ነው የሄደው። መፍቻና ዕቃ ተቀባበሉ፤ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ከዚያ በኋላ ሲደውልልኝ መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥሎ ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ።

«ትርሲት ምን አለች?»

«ምንም።»

«ሐቋ አለብኝ እማማ። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው አላህም አይተወውም።»

ለትርሲት ነገርኳት። «እማማ፣ ይቅር አልኩ ማለት ሰው ሁሉ እንዳልነበረ ይረሳዋል ማለት ነው» አለችኝ። «እኔ አልረሳሁትም።» አልገፋኋትም። ይቅርታ በእጅ ጥምዘዛ አይወጣም። ደግሞ እውነቷን ነበር። ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

እንግዲህ የተቀበረ ዕለት መርዶውን ለትርሲት ያደረስኩት እኔ ነኝ። በሩን ይዛ ቆማ ቀረች። የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ «ልብስዎን ይልበሱ፤ እኔ እወስድዎታለሁ» አለችኝ። አሌክሳንድሪያ ድረስ ነድታ ወሰደችኝ።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። ወንዶቹ ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ክፍል ናቸው፤ ሴቶቹ ዘሃራን ከበን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ዱዓው ሲያልቅ የዘሃራ አክስት፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እንደ ደንባቸው ጠየቁ።

«ሰይድ ላይ ሐቅ ያላችሁ ካላችሁ ተናገሩ፤ አውፍ በሉት።»

መልሱ በየለቅሶው ያው ነው። «ምንም የለበት፤ ሰው በድሎ አያውቅም» አሉ ሴቶቹ፣ ከዚህም ከዚያም። «መልአክ ነበር» አለች አንዷ።

«እኔ ዘንድ አለበት» አለች ትርሲት።

ከጎኗ የነበረች ሴት ቀሚሷን ጎተተቻት። «ለቅሶ ቤት ነው እኮ» አለቻት። ትርሲት አልሰማቻትም፤ ዘሃራን ነበር የምታየው።

«በድሎኛል። ስሜን አጥፍቶት ነበር። ከዚያ ባጠፋበት በር ሁሉ ዞሮ መለሰልኝ፤ እህቴ ዘንድ ሳይቀር። በስሜ የተጫወተ ብዙ ሰው አለ። ተመልሶ በሬን ያንኳኳ እሱ ብቻ ነው። ሰው በድሎ አያውቅም ካላችሁት ያ ሁሉ የዞረው ለምን ነበር? ያን ልፋቱን አትውሰዱበት።» ወደ ዘሃራ ጠጋ አለች። «በቁሙ ልለው ይገባኝ ነበር። አውፍ ብዬዋለሁ። ከልቤ አውፍ ብዬዋለሁ።»

ዘሃራ ፊቷን ከሻሿ ውስጥ አወጣች። ያን ጊዜ ያፈረችበትን አውቃለሁና ምን ልትል ነው ብዬ ፈራሁ።

«ትርሲት» አለች።

«አቤት።»

«ወንዶቹ ጋ ሄደሽ ድገሚው። እነሱም ይስሙት።»

ትርሲት እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሳች። ባዶ እግሯን ኮሪደሩን ስታቋርጥ ይሰማናል። ቀጥሎ የወንዶቹ ወሬ ድንገት ጸጥ አለ።